ሁለተኛው

ከሰሉ ቢያልቅባት፣ ጉድጓዱ ቢዘጋ፣
ያቺ የኖርዘምበርላንድ መንደር
አፈር ትምሳለች ክረምት ከበጋ።
ባሮ ሽንኩርት ነው ክብሯ፤ በመስከረም ቅዳሜ
ወገቡ ሲለካ፣
እኔ ነኝ መዝጋቢው፣ በገዛ ቀለሜ።

ክሌመንትና ዊልፍ አጥር ይጋራሉ፤
ሃያ ሦስት ዓመት ሰላምታ የላቸውም፣
በሳል ይግባባሉ።
አንዱ የቢራ አተላ፣ አንዱ የፈረስ ፋንድያ ለሥሩ ያበላል፤
ምን ሰጠኸው ሲሉት
«ውሃ ብቻ» ይላል።

ዘንድሮ በሐምሌ ክሌመንት ወደቀ።
ከሆስፒታል አልጋው
«ማን ያጠጣልኛል?» እያለ ነርሷን አስጨነቀ።
ዝናብም እንቢ አለ።

የአዳራሹ ጠረጴዛ፣ ነጩ ጨርቅ፣ የዳኛዋ ሜትር፣
ትንፋሹን የዋጠ ሕዝብ፦
ክሌመንት አንደኛ። ዊልፍ ሁለተኛ፣ በሦስት ሚሊሜትር።
«ባለቤቱ ታሞ» አለች ዳኛዋ፣ «ይህን ማን አሳደገ?»
ዊልፍ ቆቡን አወለቀ፣
የጫማውን ጭቃ አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣
ሳለ።

መዝገቤን ገለጥኩት፦ ስም፣ ርዝመት፣ ወገብ።
ለሳል ዓምድ የለውም።
ከኅዳጉ ላይ ጻፍኩት፣
በእርሳስ፣ በስሱ፣ ማንም እንዳያነብ።