አንቀጽ አርባ ሁለት

ሰነዱ ደረሰ በአይሱዙ ተጭኖ፣
ከጤፍ ጆንያ መሐል ጠርዙ አቧራ ሆኖ፤
ዘጠኝ አገር በአንድ ሊተዳደርበት
የታረመው ሕግ ነው፣ መቶ አንቀጽ አለበት።

ደጀን አዳራሽ ውስጥ፣ መስኮቱን ከፋፍተን፣
የበረሃው ወበቅ ሽቅብ እያጠነን፣
እኔ ቃለ ጉባኤ፣ እሱ ረቂቅ ይዞ፣
ባለሙያው ያነባል፣ ድምፁ ደርቆ ፈዝዞ፤

«አንቀጽ አርባ ሁለት፤ ‹የአንድ አባል እንቢታ
ሕግ ማገዱ ቀርቶ በብልጫ ይፈታ፤
አስፈላጊ ሲሆን ኅብረቱ ይችላል…›»
«ቆይ!» የሚል አንድ ድምፅ ከኋላ ይመጣል።

የድልድዩ ዘበኛ፣ ባሻ ምንይችል ናቸው፣
በዚያ ሁሉ ሙቀት ካፖርት የማይለያቸው።
«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ‹ቁም!› ማለት ችያለሁ፣
መኪናውን በሰልፍ አንድ ባንድ አሳልፌያለሁ።
እንቢ የማይል አገር፣ ዘብ የሌለው ድልድይ…
‹ይችላል› ስትሉ፣ ማን ቻይ ነው፣ ማን ተቻይ?»

ባለሙያው ሳል ሳለ። ውኃ ጠጣ። አለፈ።
ወደ አርባ ሦስት ዞረ፣ አንድ ገጽም ገደፈ።

ቅጹ ላይ ላስተያየት ያለችው አንድ መስመር፤
ሌላ ነገር ልጽፍ ቦታም አልነበር።
የሽማግሌውን ስም ከሁለት ከፍዬ
ጻፍሁት፣
«ምን ይችል?» ብዬ።