እንዴት ገቡ

ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው፣ ፍልውሃ፣ ከፓምፑ ቤት፤
ቧንቧው ያቃስታል፣ ግድግዳው ያልበዋል እንደ ሰው ፊት።
ትርሲት መጣች በቦት ጫማ፣
የበረዶ ሣጥን አንግታ፣ ጠርሙስ ከጠርሙስ ሲላተም እየተሰማ።
«ጋሽ ጉርሙ፣ ቫልቩን ክፈትልኝ፣ ቀስ አድርገህ፣ በእጅህ፤
የመጀመሪያውን ድፋው፣ እሱ የቧንቧው ነው፤
ሁለተኛውን ስጠኝ እባክህ።»

ሞላሁላት።
ወደ አምፖሉ አነሣችው፤ እኔም አብሬ አየሁላት።
ምንም የለም። ውሃ ነው። ትንሽ የድኝ ሽታ።
«ሰው አለበት!» አለች፣ የመታጠቢያ ክፍል በር እንደተንኳኳ፣ ስቃ ለአንድ አፍታ።
ከዚያ ቀልዱን ተወችው፦
«ነፍስ አለበት ማለቴ ነው። ስንት እንደሆነ ገና አልቆጠርነው።
ፀሐይ አይተው አያውቁም፣ እህል አያውቁም፤
ትኩስ ውሃ አለት ሲልስ የሚወጣውን እስትንፋስ ይቅማሉ፤ ሌላ አይጠይቁም።»

«እና እንዴት ገቡ?» አልኳት።
በሩ ወዴት ነው? ማን አስገባቸው?
ዘበኛ አይደለሁ፣ በሙያዬ ጠየቅኳት።

ጓንቷን በጥርሷ እየሳበች፣
ከእንጦጦ ጀመረች።
የዛሬ ስንት ሺህ ዓመት፣ አንድ ሐምሌ፣ ከሰዓት፣
ጥድ ሥር የወደቀ ዝናብ ከአፈሩ ላይ ጥቂት ደቂቅ ነፍሳት
አጥቦ ወሰደ፤ ወንዝ ሊደርስ ሲል ስንጥቅ ዋጠው፤
ከስንጥቅ ወደ ስንጥቅ፣ እንደ ወሬ፣ ዝቅ ዝቅ እያለ መሬት አሰመጠው።
አብዛኞቹን ሙቀቱ ፈጃቸው፤
የቀሩት ቀሩ። መቅረት ነው ሙያቸው።

ሌሎቹማ የትም አልሄዱም፤ ባሉበት ነው የተቀበሩ፤
የሐይቅ ዳር ጭቃ ውስጥ ነበሩ፤
እሳተ ገሞራ አመዱን ደረበባቸው፣ በአመዱ ላይ ሌላ አመድ፤
ጭቃው አለት ሆነ። እነሱ አልወረዱም፤
ቤታቸው ነበር የሚወርድ።

«ይወልዳሉ?»
«በመቶ ዓመት አንዴ ይሆናል። ምን አስቸኩሏቸው ይሮጣሉ?»

ሄደች፤ መኪናዋ ወደ አራት ኪሎ ታጠፈች።
ጥያቄዋን ግን ሣጥኗ ውስጥ አልከተተችም፤ ከእኔ ጋር ተወች።

እኔስ እንዴት ገባሁ?
ከአምቦ ማዶ ስነሣ፣ ከመሬት በታች ልኖር ብዬ መቼ ወጣሁ?
ለሦስት ወር ነበር፣ ለቀን ሥራ፣ ብሔራዊ አጠገብ ለሚቆፈር መሠረት፤
እስከ አንገቴ ጉድጓድ ውስጥ፣ በአካፋ፣ በዶማ፣ በእርጥበት።
መጀመሪያ የሲሚንቶ ጠባቂ፣ ቀጥሎ የጄኔሬተሩ፣ ቀጥሎ የምድር ቤቱ፤
አሥራ ዘጠኝ ፎቅ ተከመረብኝ።
አልወረድኩም። ያው ነኝ። የተለወጠው የሕንፃው ቁመቱ።

ዛሬም እዚያው ነው የምኖረው፣ ከደረጃው ሥር፤ መስኮት የለኝም፤
በሊፍቱ ሞተር ሙቀት ልብሴን አደርቃለሁ፤
ማንም አይጠይቀኝም።
ሂርጴ እዚያው ወለደች። ቦንቱ ሲነጋ በጫማ ድምፅ ነው የምታውቀው፤
ቀጭን ተረከዝ ሲያልፍ ሁለት ሰዓት፣
ከባዱ ሲመጣ ሥራ አስኪያጁ ነው።
አንድ ቀን ጠየቀችኝ፦ «አባ፣ ከእኛ ሥርስ ማን አለ?»
«አፈር» አልኳት። ዋሽቻት ኖሯል ለካ፤ ሳላውቀው፤
ጎረቤት እያለ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰልፉ ያዘ፤ ፎጣ በትከሻ፣ ሳሙና በፌስታል፤
አንድ ሽማግሌ ወገባቸውን ይዘው «ዛሬ ይሞቃል?» ይሉኛል።
ይሞቃል አባባ። ከሩቅ ነው የመጣው።
ስንቱን እንዳሳለፈ፣ ስንቱን ይዞ እንደወጣ፣
እሱ ነው የሚያውቀው።

የመጀመሪያውን ውሃ ደፋሁ፣ ሁለተኛውን ለሰልፉ ከፈትኩለት፤
መዳፌን ቧንቧው ላይ አሳረፍኩ።
ነገሩ ገባኝ።
ወይም እኔ ነኝ የገባሁበት።