የሙላት ሰዓት

ሃርሊንገን ወደብ ላይ፣ ከባሕሩ ግድብ ሥር፣
የድሮ ድምፅ ሁሉ የሚያኖር ቤት ነበር።
ገንዘቡ አለቀና ኅዳር ላይ ዘጉት፤
ሰርቨሩን ነቃቅለው በቫን አጋዙት።
ዊትስከ ቀረች፣ ሰባ ስምንት ዓመቷ፤
ከዚያ ድምፅ መካከል አንዱ ነው አባቷ፣
ሌሊት በራዲዮ የሙላት ሰዓት ሲያነብ፣
«በስድስት ይሞላል፣ እሰሩ!» ሲል ለወደብ።
ከመዘጋቱ በፊት ለሕዝብ በነፃ ተለቆ ነበር፤
አሁን ማን ዘንድ እንዳለ የሚያውቅ የለም።

«መዝገብ ያዥ ከሌለ ማንን ልጠይቅ?» አለች።

«ጎረቤት ጠይቂ፤ እሱ ባያውቅ ያመለክታል፤
የተመለከተው ደግሞ የሚቀርበውን ይጠራል፤
ቃልሽ ከደጅ ደጅ ሲዞር ባሕር ማዶ ይሻገራል፣
ፑንታ አሬናስ አንዱ ነቅቶ ‹እኔ ጋ አለ› ይላል።
አለቃ የለው፣ በረኛ የለው፤
አንዱ ቢተኛ ሌላው ያወራል።

ግን እወቂ፣ የሰፈራችን መስኮት
መጋረጃ አያውቅም፤ ሾርባ ስትቀምሺ አላፊው ያይሻል በመብራት።
እዚያም እንዲያው ነው፤ ያንኳኳ ሰው የቤቱ ቁጥር ይነበባል፤
ምን እንደፈለግሽ፣ በስንት ሰዓት፣ የማታውቂው ይጽፋል።
መጋረጃ የሚያከራዩ አሉ፤ ተከራዪ ካሻሽ፤
ብቻ ሰፊው ራሱ ከጀርባው ቆሞ እንዳያይሽ።»

የመጀመሪያው ውጤት የአባቷን ስም ተሸክሞ መጣ።
ልትከፍተው ስትል እጇን ያዝኩ፦
«ይሄ ፕሮግራም ነው። ድምፅ ይሰማል እንጂ ‹አስነሡኝ› አይልም።»
ሁለተኛውን አራት መቶ ሰው ይዞታል ተባለ።
ሳቀች። «ያኔ መርከበኞቹ እንኳ አልሰሙትም!
ላለፈ ሙላት አራት መቶ ሰው ከየት ተገኘ?»

ሦስተኛው፦ ያዡ አንድ፣ ስሙ ቁጥር ብቻ።
ከብስኩት ቆርቆሮ የዚያን ቤት ወረቀት አወጣች፤
ግርጌው ላይ አርባ ፊደልና ቁጥር፣ የፋይሉ አሻራ፤
በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ አመሳከረች በተራ።
«ስም ማንም ያወጣል» አለች፤ «ይሄ ግን የራሱ ነው።»

ሦስት ሌሊት ፈጀ፤ ያዡ የሚነቃው እኛ ስንተኛ ነው።
በአራተኛው ንጋት አባቷ ሳለ፣
ጉሮሮውን ጠረገ፣ «በስድስት ይሞላል» አለ።
ዊትስከ ካፖርቷን ደረበች።
ጀልባ የላትም፤
ወጥታ ብስክሌቷን አሰረች።

መብራት ቆጣቢ ናት፣ ኮምፒውተሩን ግን አላጠፋችም፤
«የሚጠይቅ ቢመጣስ?»
ቅዳሜ ገበያ ወርዳ መጋረጃ ገዛች፤
ግማሹን ብቻ ሰቀለች።