ስድስት ቮልት

መብራት ከሄደ ሦስተኛ ማታ፤ በርበሬ ወንዝ ጨልሟል፣
ያባቴ ራዲዮ አራት ድንጋዩን ጨርሶ ዝም ብሏል።
ድንጋይ ደግሞ ተወዷል።
ካልጋው ሥር ያጎቴ የሽፋው የሞተር ባትሪ ተጋድሟል፤
አሥራ ሁለት ቮልት፣ ሥራ ፈት።
ራዲዮው የሚችለው ስድስት፤ ለስድስት አንጀት አሥራ ሁለት
ማጉረስ መግደል ነው።
«መሐል ገብቶ የሚያስታርቅ ልሥራ» አልሁ።

ሃያ ስድስት ዓመት ከሽመና መኪና ጎን ቆሞ
አባቴ ጆሮውን ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ትቶ ወጥቷል።
ራዲዮ የሚሰማው በመዳፉ ነው፤
ድምፁን እስከ ጥግ ለቆ፣ እጁን ወንፊቱ ላይ ያሳርፋል፤
«ይቺ ሴት ናት» ይላል፣ «ይኼኛው ተቆጥቷል»፤
መንዙማ ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል።

ጠዋት ደሴ ወጣሁ፤ ሚኒባሱ ዳገቱን እያቃሰተ፤
ጦሳ ጉሙን ሲያወርድ፣ ቆላ ያወለቅሁትን ሹራብ ትከሻዬ ሻተ።
ሸዋ በር፣ ጋሽ ይመር ዘንድ፣
ደረታቸው የተከፈተ ቴሌቪዥኖች እንደ ሕሙም ተራ በያዙበት፣
ከክብሪት ቀፎ አወጣልኝ አንድ ጥቁር፣
ያውራ ጣት ጥፍር የሚያክል፣ ባለ ሦስት እግር።
«ጽሑፉን ወዳንቺ አዙሪ። በግራ ይገባል፣ በቀኝ ይወጣል፣
መሐሉ መሬት ነው። መሬት የሌለው ነገር
እንኳን ሽቦ፣ ሰውም አይረጋ።»
ሁለት ካፓሲተር መረቀልኝ፣ ሂሳቡን ሳይነካ።

መበየጃዬ የኤሌክትሪክ ነው። ለብቻዬ ሳቅሁ።
የመዳብ ዘንግ ጫፉን አሹዬ ከከሰል ምድጃ ከተትሁ፤
ከተጣመመ የድስት ክዳን ሦስት ጣት ያህል ቆርጬ
ከጀርባው በብሎን አሰርሁ፣ ሙቀቱን እንዲሸከምለት።
«ክዳኔን!» አለች እናቴ፣ የያዘችልኝ ሻማ እስኪንቀጠቀጥ።
ሊዱ ቀለጠ፣ እንደ ዓሣ ዓይን አብረቀረቀ፣
ደረቀ።

ባትሪውን አገናኘሁ። ትንሽ ቆየና፣ ጧ!
አንዱን ካፓሲተር ገልብጬው ኖሯል።
እናቴ «ቢስሚላህ!» ብላ ሻማውን ጣለች።
አባቴ ፍንዳታውን አልሰማም፤
ሽታው ግን ካልጋው አስነሣው፣ ከጨለማው ውስጥ
«ዙበይዳ፣ ምን አቃጠልሽ?»
ፋብሪካ ሞተር ሲነድ፣ ከጭሱ በፊት ባፍንጫው የሚደርስ ሰው ነበር።

በቀረው ባንዱ ሞከርሁ። ነጩን መስመር ሦስቴ አየሁ፣
ባላምን በጣቴ ዳሰስሁ፣ በየድሁ።
የቴስተሩ መርፌ ተነሣች፣ ተንቀጠቀጠች፣
ስድስት ላይ፣ ለሶላት እንደ ቆመ ሰው፣ ቀጥ አለች።
ራዲዮው አንዴ አስነጠሰና ቤቱን ሞላው።
አባቴ መዳፉን ዘረጋ። «ሴት ናት» አለ።
ሴት ነበረች፤ ስለ ዝናብ ትናገራለች።

እናቴ ነገር እርቃኑን ሲቆም አትወድም፤
ቴሌቪዥኑን፣ ቴርሞሱን እንዳለበሰች
የኔንም ሥራ ዳንቴል አለበሰች።

ሰዓት አለፈ። አባቴ ዳንቴሉን ሊያስተካክል ሲል ጣቱን መለሰ፤
ደግሞ ነካው፣ በእጁ ጀርባ፣ የሕፃን ግንባር እንደሚነካ።
«ያተኩሳል» አለኝ። «ታሟል እንዴ ይኼ ልጅ?»
ጆሮው ሥር ተጠግቼ ጮህሁ፦
«አልታመመም! አሥራ ሁለት ይቀበላል፣ ስድስት ይሰጣል፣
የቀረው እዚያው እላዩ ላይ ይነዳል! ሥራው ነው!»

ዝም አለ። ራዲዮው ስለ ገብስ ዋጋ ሲያወራ ዝም አለ።
ከዚያ ወደ እናቴ ሳያይ፣
«ከሌሊት ፈረቃ ስገባ» አለ፣ «እናትሽ እንዲህ ትነካኝ ነበር።»

እናቴ ሰማች። ኪሮሿን አላቆመችም።

እሱ ግን ዳንቴሉን አነሣ፣ ባራት አጠፈው፣
መስኮቱንም ስንጥር ያህል ከፈተ፤
ከቦርከና በኩል ትንሽ ነፋስ ገባ።