ስፌቱ

ቁልፉ ከጎረቤት፣ ከቀይዋ በር አለ፤
ክንድ የሚያህል ብረት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ።
ሄስተር ተርከትል አውጥታ ሰጠችኝ፣
«ወፍ እንዳይገባበት በሩን ዝጋ» አለችኝ፤
ከዚያ ሐሳቧን ለውጣ፣ ካፖርቷን አጥልቃ፣
ባልዲ አንጠልጥላ መራችኝ በመቃብሮቹ ጭቃ።

ስኬልቶርፕ ይሏታል፤ ኖርፎክ ነው አገሩ፤
የሚጠረብ ድንጋይ የለውም፣ ባልጩት ያበቅላል አፈሩ።
ከእርሻ የተለቀመ፣ ማረሻ የነከሰ፣
ጥቁር ባልጩት በኖራ እየተለወሰ
ግንብ ሆኖ ቆሟል።

«እዚያ ጋ» አለች፣ ጣቷን ቀስራ ወደ ላይ፣
«ቀለሙ ሲለወጥ፣ ስፌት አይታይም ወይ?»
ታየኝ። የታችኛው አንድ በአንድ የተመረጠ፤
የላይኛው ግራጫ፣ በጥድፊያ የተቀመጠ።

ሃሞ ነበር ግንበኛው።
በበጋ ይገነባል፣ ሲበርድ በጭድ ይከድናል፤
«ኖራ አይቸኩልም፣ ጊዜ ስጡት» ይላል።
የአንድ ዓመት ጭድ ግን ሳይገለጥ ቀረ፤
ቸነፈር ገባና መንደሩ ተቀበረ።
ሃሞም፣ ደቀ መዝሙሩም፣ ኖራ የምትለውሰው ሴት፣
ቄሱም። ቄሱን ማን ቀበረው? መዝገቡ ዝም ይላል።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግንቡ አፉን ከፍቶ
ዝናብ ሲጠጣ ኖረ፣ ከቁራ ተጎራብቶ።

ከዚያ አንዲት መበለት፣ ሳቢና የምትባል፣
ኑዛዜዋን አስጻፈች፤ ቃሉ እንዲህ ይላል፦
«አልጋዬን ለልጄ፤ ድስቴን ለእህቴ ልጅ፤
ቀይዋን ላሜን ለግንቡ፣ ከነጥጃዋ እንጂ
ብቻዋን አትሰጥ፤ ታለቅሳለች።»

ላም ለግንብ!
ሄስተር ሳቀች። «ከስፌቱ በላይ ሁለት ክንድ ከፍታ
ያቺ ላም ናት» አለች፣ በአየር ላይ ለክታ።

ውስጡ ከደጁ ይብሳል፤ ትንፋሼ ይታያል።
ኋላም አዋጅ ወርዶ ነበር፣ «ሥዕል ይደምሰስ» የሚል፤
አንዱ ቢላ ይዞ ገባ፣ የቅዱሳንን ዓይን ሊነቅል።
ፊት ፊቱን ብቻ ፋቀ፤ ልብሳቸውን አልነካ፤
እጁ ሳሳ መሰለኝ፣ ቀሚሱ ወርቅ ነበር ለካ።
ግድግዳው ነጭ ተቀባ፤ ክሪስቶፎሮስ እንደቆመ
ሕፃኑን በጫንቃው አዝሎ ወንዙ መሃል ሰጠመ።

ኖራም ኖራ ኖራ፣ በጣራው ፍሳሽ ርሳ
ዘንድሮ ረገፈች፤
ከሥሯ ብቅ አሉ አንድ እግርና አንድ ዓሣ።

«እርሳሱን ሌሊት መጥተው ሌቦች ገፈፉት» አለች፤
ከሚያንጠባጥበው ሥር ባልዲዋን አስቀመጠች።
«አቤት ብለን ነበር፤ እስከ ዛሬ ጠብ ያለ የለም፣
ከጣራው በስተቀር።»
ጥቂት ዝም አለች፣ ዓሣውን እያየች፦
«ሌባ ማመስገን ነውር ነው። እንዲያው ግን…»

እሁድ ሰባት ናቸው፤ አንዱ ኦርጋን ይመታል፣
አንዱ ጆሮው አይሰማም፣ ከሁሉም ጮኾ ይዘምራል።
ሣጥኑ ውስጥ ብር ጨመርኩ፣ የጥጃ ጅራት ቢሆን።

ስወጣ በሩን ዘጋሁ፣ ወፍ እንዳይገባ።
ቀና አልኩ፦ ከስፌቱ ሁለት ክንድ ከፍ ብሎ
አንድ ቁራ ላሚቱ ላይ ተቀምጧል፣
ዝናቡን ከክንፉ እያራገፈ።