ከዜሮ እስከ አራት

«ይመለሳል ብለሽ፣ ምን ያህል ትሰጊያለሽ?
ከዜሮ እስከ አራት፣ የቱን ትመርጫለሽ?»
ሲስተር ኢፍራህ ጠየቀች፣ እርሳሷን ዘርግታ።

እንቅልፌ ተመለሰ፤ ሽሮም ይጣፍጠኛል፤
ሳቄ የብድር አይደል፣ ከሆዴ ይመጣልኛል።

ደቻቱ ግን፣ ሲስተር፣ አሁን አሸዋ ነው፣
ልጁ ኳስ ሲመታ፣ ግመል ሲያቋርጠው፤
የድሬ ሰማይ ጠርቶ፣ ፀሐይ እያጋየው፣
እኔ ግን ደንገጎን፣ ሽቅብ ነው የማየው።
ጎርፉ እዚህ ዘንቦ አይመጣም፤
እዚያ ላይ ይጠቁራል፤ የተኛ ሰው አይሰማም።

አንድ ምሳ ባይርበኝ፣ አንድ ጠዋት ብዘገይ፣
«ድካም ነው ደመና?» እላለሁ ራሴን ሳይ።

ሁለትን ከበብኩ። ሰረዝኩት።
ሦስት። እሱንም ተውኩት።
እርሳሷን መለስኩላት።

ወደ ቤቴ ስሄድ፣ አሸዋውን አቋርጬ፣
ደንገጎን ሁለቴ ብቻ ዞሬ አየሁት።
ትናንት አምስቴ ነበር።