ከገባው የወጣው

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይላል የቆየው ተረት፤
እኔ ግን እንጀራዬ ነው የፈሰሰውን መስፈር
ሰፈር በሰፈር፣ ቤት በቤት።

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በቧንቧ የገባው መቶ እጅ ከሆነ
ሰማንያው በፍሳሽ ይወጣል፤ ሃያው ተጠጣ ወይ ተነነ።
የኢንገር ቲማቲም ሃያውን መጠጠው እንበል፣
የጎረቤቷ መኪና ታጠበበት እንበል፣
ገሚሱ ሙያችን ይኸው ነው፤ «እንበል»።
በ«እንበል» ቧንቧ ይዘረጋል፣ በ«እንበል» በጀት ይያዛል፣
ስፋቱ ይሄን ያህል ይሁን ተብሎ ይታዘዛል።

ሚያዝያ ነው፤ ዱሉዝ፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
በረዶው መቅለጥ ጀምሮ ዳገቱ ሁሉ ያልበዋል፣
ሐይቁ ከታች በጨለማው ገና ነጩን እንደለበሰ ተኝቷል።
ቶይቮ ላህቲ የብረት ክዳኑን በመንጠቆ ፈነቀለና
«አፍንጫህን ተወው፣ ጆሮህን አውሰኝ» አለኝ፣ «ስማው እስቲ ና።»

በዚህ ሰዓት ሰፈሩ ይተኛል፤ ቧንቧውም አብሮ ይተኛል፤
ቢበዛ አንድ አዛውንት ለሽንት ይነሣል፣
ቢበዛ አንዲት እናት ጡጦ ታለቀልቃለች።
ቆጣሪው ይህን ያውቃል፤ ለአርባ ሁለት ቤቶች
በደቂቃ አሥር ሊትር፣ አሥር ብቻ ሰጥቷል።
ከታች ግን ይጮኻል።
ለካሁ። ደግሜ ለካሁ።
መቶ ሃምሳ ይላል።

አሥር ተበድሮ መቶ ሃምሳ የሚከፍል
እንዲህ ያለ ሰፈር የትኛው አራጣ አበዳሪ አይቶ ያውቃል?

«መለኪያው ተበላሽቷል» አልኩ። ቶይቮ መልስ አልሰጠኝም፤
ጠርሙስ በገመድ አውርዶ ቀዳና በባትሪው ብርሃን አሳየኝ።
ጥርት ለማለት ጥቂት የቀረው፤ እጅ የሚያደነዝዝ፤
ከሥሩ ሁለት ደቃቅ ጠጠር፣ አንድ የአምና ቅጠል።

«እዚህ ጅረት ነበር» አለ፤ «አያቴ ዓሣ አጥምዶበታል።
መንገዱ ሲመጣ ቀበሩት፤ ቤትም በላዩ ተሠርቷል።
የሸክላው ቱቦ ሲሰነጠቅ፣ እሱም መውጫ ሲፈልግ፣
ተገናኙ።»
ስሙን ጠየቅሁት። ትከሻውን ሰበቀ።
«አያቴ ፑሮ ይለው ነበር፤ በፊንላንድኛ ጅረት ማለት ነው፤
ስም አይደለም።»

ቅጹ ላይ አንድ ሣጥን አለ፤ «ሰርጎ ገብ» ይላል፤
ባለቤት ያጣ ውሃ ሁሉ እዚያ ይሞላል።
ከቤቶቹ በፊት የነበረ፣ ቁልቁለቱን የወረሰ
ዛሬ ሰርጎ ገብ ተብሎ በእኔ እርሳስ ተከሰሰ።
መቶ አርባ ብዬ ጻፍኩ። በሐምሌ ስንጥቁ ይደፈናል፤
ከዚያ ወዲያ የት እንደሚሄድ፣
እንበል፣
እሱ ያውቃል።

ቶይቮ ክዳኑን ሊመልስ ሲል ከወዲያ ማዶ መስኮት በራ፤
ትንሽ ቆየና ከእግራችን ሥር አጭር ፏፏቴ ወረደ።
«ስድስት ሊትር» አልኩ በሹክሹክታ።
«እሱስ የታወቀ ነው» አለ ቶይቮ፣
«ሒሳቡም ተከፍሏል።»